እትዬ ትርንጎ ዛሬ ችሎት ላይ ናቸው

መሞታቸውን የሰማነው በፍርድ ቤት በኩል ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ ግን አላወቀም ነበር።

ጠዋት ነው። ሶለንቱና ባለው ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስልክ ሲጮህ የሚያነሣው ሰው ስለጠፋ የጎማ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ አነሣሁት። ድምፀ ለስላሳ የሆነች ስዊድናዊት ናት። «ትርንጎ እዚያ ናት?» አለችኝ። «ችሎቱ ሊጀመር ነው፣ የእጅ ስልኳን አታነሣም። ሌላ ሰው ቢሆን ባቡር ዘግይቶበት ይሆናል እንል ነበር። እሷ ግን አርፍዳ አታውቅም።»

እኛማ «እትዬ ትርንጎ ዛሬ ችሎት ላይ ናቸው» ተባብለን የሳቸውን ሥራ ተከፋፍለን ይዘነዋል። ልጃቸው ሩት ጋ ደወልኩ። ሩት እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው። ሱንድቢበሪ ሄዳ የእናቷን ቤት ከከፈተች በኋላ መልሳ ስትደውልልኝ ግን በአማርኛ «እማዬ» አለች። በር አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንድ እግራቸውን ጫማ አድርገው፣ ሌላውን ጫማ በእጃቸው እንደያዙ ነው ያገኘቻቸው።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልብ መሆኑን እኔም አልክድም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቴ አልበርድ ብሎኛል፤ በማን ላይ እንደምናደድም በደንብ አላውቀውም። አንዳንዴ በአለቃችን፣ አንዳንዴ በሕጉ፣ አንዳንዴ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በራሳቸው በእትዬ ትርንጎ ላይ ነው።

አጭር፣ ሰፋ ያሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመዱ ሴት ነበሩ። ወጥ ቤታችን ለትምህርት ቤቶችና ለአረጋውያን መኖሪያዎች ምግብ የሚያበስል የግል ድርጅት ነው። እሳቸው በልዩ ምግብ ክፍል ነበሩ፤ ለውዝ ለማይስማማው ልጅ፣ ስንዴ ለሚያሳምማት ልጅ፣ መዋጥ ላቃታቸው አዛውንት፣ የእያንዳንዱን ለብቻ የሚያዘጋጁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስህተት ከተሠራ ሰው ሆስፒታል ይገባል። ለዚህም ነው ማንም እሳቸውን ተክቶ መሥራት የማይወደው።

ወሬ የሚባል ነገር እሳቸው ባሉበት አይደምቅም ነበር። አንዱ ስለ አንዱ እያወራ ሲጦፍ እጃቸውን በሽርጣቸው ያብሱና ቀና ብለው፣ «እሱስ ምን አለ?» ይላሉ። በቃ፣ ወሬው እዚያ ላይ ይሞታል። ስለ ባሌ እናት አንድ ሰዓት ሙሉ አማርሬላቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «እሳቸውስ ምን አሉ?» ብለውኝ ከንዴቴ የተነሣ ምሳዬን ሳልበላ ተነሥቻለሁ። ሰው መሐል ገብተውም አያቋርጡም። የሚንተባተብ ሰው ካጋጠማቸው እንኳ «ጨርሰው እስኪ፣ ጨርሰው» ብለው እስኪጨርስ ይጠብቃሉ።

ይህን ጠባይ ከፍርድ ቤት ያመጡት ይሁን ወይም ፍርድ ቤት የወሰዳቸው ይህ ጠባያቸው ይሁን አላውቅም። እዚህ አገር ከዋናው ዳኛ ጎን የሚቀመጡ፣ ሕግ ያልተማሩ፣ ከሕዝብ መካከል የሚመረጡ ዳኞች አሉ፤ ኔምደማን ይሏቸዋል። ሦስቱ ከዋናው ዳኛ ጋር አብረው ይሰማሉ፣ አብረው ይፈርዳሉ፣ ድምፃቸውም ከሱ ድምፅ እኩል ነው። እትዬ ትርንጎ በሠፈራቸው የፓርቲ ስብሰባ ላይ «ማን ይፈልጋል?» ሲባል ሁሉም ጣራ ጣራውን ሲያይ እጃቸውን አወጡ፤ የከተማው ምክር ቤት መረጣቸው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለተከታታይ ቀናት፣ ነጩን የወጥ ቤት ቆባቸውን አስቀምጠው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ።

እኔ የምኖረው ሄሰልቢ ነው። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ከሱንድቢበሪ፣ እኔ ከሄሰልቢ መጥተን ኦደንፕላን ጣቢያ እንገናኝና ወደ ሶለንቱና የሚሄደውን ባቡር አብረን እንይዛለን። አንድ ጠዋት ባቡሩ ተሰርዞ መድረኩ ላይ ቆመን ብርዱ ሲጠብሰን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አጥተው ነው? ሥራው አይበቃዎትም?»

«እናቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር» አሉኝ። «አባቴ ሲሞት ወንድሙ የግቢያችንን እኩሌታ አጥሮ ያዘው። ከሰሰችው። ቀጠሮ ባላት ቀን ሽንኩርቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እኔን ይዛ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። ከጠዋት ጀምረን በር ላይ ቁጭ። ከዚያ ተላላኪው ይወጣና፣ ‹ዳኛው አልገቡም፣ ቀጠሮው ተለውጧል› ይላል። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሚቀጥለውም። እናቴ አንድም ቀን ተፈርዶባት አያውቅም፣ ገነት። ቢፈረድባት እንኳ ይሻላት ነበር፤ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ዳኛው አልገቡም እንደተባለች ሞተች።»

ባቡር መጣ። ተሳፍረን ከተቀመጥን በኋላ ጨመሩልኝ፤ «እዚህ ዳኛ ሁኚ ሲሉኝ ሕጉን አላውቅም፣ ቋንቋውም ይቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ነገር ግን እችላለሁ አልኩ። አልቀርም።»

አልቀሩምም።

አለቃችን ማግኑስ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን መጻፍ ያናድደኛል፣ ግን እውነት ነው። ዓርብ ዓርብ ጣፋጭ ዳቦ ይዞልን ይመጣል፤ የልጆቻችንን ስም ያውቃል። ከሱ በላይ ያሉት ግን ሥራውን በርካሽ ዋጋ ተጫርተው ያሸነፉ ናቸው፤ ሰው ሲቀር ተተኪ የሚቀጠርበት በጀት የለውም። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ አሠሪ ኔምደማንን «አትሄድም» ማለት አይችልም። የቀረበትን ቀን ደመወዝ እንዲከፍልም አይገደድም፤ ያንን ፍርድ ቤቱ ይተካል። ስለዚህ ማግኑስ ከልክሏቸው አያውቅም። «እርግጥ ነው፣ ትርንጎ፣ መብትሽ ነው» ይላል ፈገግ ብሎ።

ከዚያ ሼማ ያወጣል። ሼማ የምንለው የሥራ ፈረቃችንን ነው። የእትዬ ትርንጎ የችሎት ቀናት አስቀድመው ይታወቃሉ፤ ማግኑስ እነዚያን ቀናት የዕረፍት ቀናቸው ያደርጋቸዋል። በምትኩ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ይመድባቸዋል፤ አዛውንቶቹ ቅዳሜና እሑድም ይበላሉና። እንዲህ ሲሆን እትዬ ትርንጎ ፍርድ ቤት የሚውሉት በዕረፍታቸው ነው። ከሥራ አልቀሩም፣ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ የሚተካላቸው ደመወዝ የለም። ዕረፍትም የለም። ቅዳሜን ሠርተው፣ እሑድን ሠርተው፣ ሰኞ ችሎት ተቀምጠው፣ ማክሰኞ ደግሞ ከእኛ ጋር ድስት ይገፋሉ።

መጀመሪያ የነቃሁት እኔ ነኝ፣ ወይም የነቃሁት እኔ መሰለኝ። ስነግራቸው «አይቼዋለሁ» አሉኝ ካሮት እየላጡ።

«አይተው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ሂጂ ብሎኛል።»

ማኅበር ጋ እንዲሄዱ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ ራሴ ደውዬ ስብሰባ ተያዘ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚያንኳኳ ወጣት ነበር። ማግኑስ በጨዋ አነጋገር አስረዳ፤ ሼማ ማውጣት የአሠሪ መብት ነው፣ ከተስማማነው ሰዓት አላለፈም፣ ትርንጎን አንድም ቀን ከልክያት አላውቅም። ወጣቱ ወደ እሳቸው ዞሮ «እንደዚህ ነው?» አላቸው።

«አዎ፣ ከልክሎኝ አያውቅም» አሉ።

እዚያው ጮኼ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ስብሰባው «ሁለቱም ወገኖች ጉዳዩን እየተከታተሉ ይነጋገራሉ» ተብሎ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት? ለምን አይናገሩም?»

«ያለው ሁሉ እውነት ነው።»

«እውነትማ እውነት ነው፤ ግን ተንኮል ነው!»

«ተንኮል ነው ካልሽ ታስረጂያለሽ። ልቡን ከፍተሽ ታሳይኛለሽ? እኔ በየወሩ እዚያ ተቀምጬ ‹አልተረጋገጠም› እያልኩ ሰው አሰናብታለሁ። የራሴ ሲሆን ባልተረጋገጠ ልፍረድ?»

እንዲህ ነበሩ። ሰው እንዲህ ሲሆን ትወጂዋለሽ፣ ግን አንገቱን ይዘሽ መነቅነቅም ያምርሻል።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለን ሰዎችም አላገዝናቸውም። እቃ ማጠቢያው ላይ ሙሉጌታ የሚባል የአገራችን ልጅ አለ፤ ወገቡ የታመመ፣ አንደበቱ ፈጣን። እሳቸው በማይኖሩ ቀን የልዩ ምግብ ድስቶች ወደሱ ስለሚዞሩ፣ «እሳቸው እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ፣ እኛ እዚህ እንሰበር» እያለ ያጉረመርማል። እሳቸው ሲመለሱ ደግሞ «እንደምን ዋሉ፣ ክቡር ዳኛ!» ብሎ ያሾፋል። ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።

ከወጥ ቤቱ የባሰው ግን የውጭው ነበር። እትዬ ትርንጎ ዳኛ ሆኑ ሲባል አገር ሁሉ ዘመድ ሆነላቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንዱ ስለ ቅጣቱ፣ አንዷ ስለ ፍቺዋ ሊጠይቃቸው ይከተላቸዋል። «የሰማሁትን አልናገርም፣ የምችለውም ነገር የለም» ይላሉ፤ ማንም አያምናቸውም። ከሁሉ የጎዳቸው የወይዘሮ ጽጌ ነገር ነው። ጽጌና እሳቸው ስደተኛ ካምፕ አንድ ክፍል ተኝተው፣ አንዳቸው የሌላዋን ልጅ አሳድገው የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። የጽጌ ልጅ በድብደባ ተከሰሰና ጉዳዩ እሳቸው የሚቀመጡበት ችሎት ላይ ደረሰ። ጽጌ እግዚአብሔር አመቻቸልኝ ብላ ደስታዋን አትችለውም። እትዬ ትርንጎ ግን ለፍርድ ቤቱ «ልጁን አሳድጌዋለሁ፣ ልቀመጥበት አልችልም» ብለው ተነሡ። ሌሎች ተቀመጡ፤ ልጁ ተፈረደበት።

ጽጌ ከዚያ ወዲያ ሰላም ብላቸው አታውቅም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ጽጌ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አለፈቻቸው። እሳቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ ባቡር ተሳፈርን። ከዚያ በመስኮት ውጭውን እያዩ፣ «እሷም እውነት አላት» አሉ።

«ምን እውነት አላት?»

«ልጇ ነዋ።»

በዚህ ሁሉ መሐል የሙሉጌታ ነገር መጣ። አንድ ማታ ከሥራ ሲወጣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሁለት ሰዎች አንድ የታክሲ ሹፌር ከመኪናው ጎትተው ሲደበድቡት አየ። ፖሊስ ደርሶ ስሙን ወሰደ። ከወራት በኋላ ለምስክርነት ተጠራ። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ የመጣው ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«አልሄድም» አለን። «አላየሁም እላለሁ። ጨለማ ነበር እላለሁ። ሰዎቹ እዚሁ ሠፈር ናቸው፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

እኔ ልክ ነህ ልለው ነበር። እትዬ ትርንጎ እጃቸውን አበሱና ቀና አሉ።

«አይተሃል ወይስ አላየህም?»

«አይቻለሁ፣ ግን...»

«ፈርተሃል። መፍራት ነውር አይደለም፤ እዚያ መፍራትህን ብትነግራቸው የሚያደርጉት ነገር አለ፣ የሚያግዝህም ሰው ይሰጡሃል። ግን ሰውየውን አስበው። ደም በደም ሆኖ ሲወድቅ ያየኸው አንተ ነህ። አንተ ከቀረህ እሱ ብቻውን ነው የሚናገረው።» ቢላዋቸውን መልሰው አነሡና፣ «ያየኸውን ተናገር፣ ያላየኸውን አትጨምር፣ ጨርሰህ ና» አሉት።

ሙሉጌታ ወደ ማግኑስ ቢሮ ሄደ። ሲመለስ፣ «ያን ቀን ሰው የለኝም፣ ዕረፍትህ አድርጌ ሼማውን አስተካክለዋለሁ፣ ቅዳሜ ትገባለህ አለኝ» አለ። እትዬ ትርንጎ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ቆባቸውን አወለቁ። ቆባቸውን ሲያወልቁ ነገር እንዳለ ገባኝና ተከተልኳቸው።

በሩን አንኳኩ፤ ማግኑስ «ግቢ» ሳይል ገቡ። ከዚያ በፊት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ማግኑስ፣ ይህ ሰው ለሽርሽር አይደለም የሚሄደው። ሕግ ጠርቶት ነው። ከሥራ ቀርቶ ነው የሚሄደው፣ ከሥራ እንደቀረም ይጻፍለት።»

«ትርንጎ፣ ሼማ የማወጣው እኔ ነኝ...»

«የኔን ስትነካ ዝም አልኩህ። ያወቅሁ አልመሰለህም፣ ግን አውቃለሁ። የኔ ምርጫዬ ነው፣ እጄን አውጥቼ የገባሁበት ነው። እሱ አልመረጠም። የሱን ከነካህ ዝም አልልህም።»

ማግኑስ አንገቱ ድረስ ቀላ። ወደ መሬት አየ። «እሺ» አለ። በቃ፣ እሺ። እኔ በማኅበር፣ በስብሰባ፣ በስንት ክርክር ያላገኘሁትን እሺ በአንድ ደቂቃ አወጡት። ከቢሮው ስንወጣ በደስታ ፈንታ የተሰማኝ ብስጭት ነው። «ይህን ለራስዎ ብለውት ቢሆን ኖሮ!» አልኳቸው። ካሮታቸው ጋ ተመለሱ።

ሙሉጌታ በቀጠሮው ቀን ክራቫት አስሮ ሄደ። ከምሳ በፊት ተመልሶ መጣ። ተከሳሾቹ አልቀረቡም፣ ችሎቱ ተሰርዟል። ሌላ ቀን ተቀጠረለት። ያን ቀንም ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ሄደ፤ የአንደኛው ጠበቃ ታሟል ተብሎ እንደገና ተሰረዘ። ሲመለስ ክራቫቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ይሄ ነው የርስዎ ፍርድ ቤት? ልቤን በእጄ ይዤ ስመላለስ ‹ይቅርታ፣ ደህና ዋል› ይሉኛል። ታክሲ ነጂውን አየሁት፣ እሱም እንደኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበር። ሁለተኛ አልሄድም!»

እሳቸው ያን ጊዜ የሆኑትን አልረሳውም። ፊታቸው ተለወጠ። ገበያ ላይ የቀረ የሽንኩርት መደብ፣ የተላላኪ ድምፅ፣ ምን ምን እንደታያቸው እንጃ። ቀስ ብለው ወደሱ ሄዱና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሙሉጌታ።»

«እርስዎ ምን አደረጉ?» አለ ደንግጦ።

«እዚያ ቤት የምቀመጥ ሰው ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሙሉጌታ ክራቫቱን ከጠረጴዛው አነሣ። ከዚያ ቀን በኋላ «ክቡር ዳኛ» ብሎ አሹፎባቸው አያውቅም። እሳቸው በማይኖሩ ቀን ድስቶቻቸውን ሳይጠራ መጥቶ ይወስዳል፤ ማጉረምረሙ ቀረ።

ባለፈው በልግ ረጅም ችሎት መጣባቸው። ብዙ ተከሳሽ ያለበት፣ ለሳምንታት የሚቀጥል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቃል አይወጣቸውም ነበር። ማግኑስ በዚህ ጊዜ እውነትም ተጨነቀ። እንዲተውት ለመናቸው። እምቢ ሲሉት፣ «አንብቤያለሁ፣ ከጀመሩ በኋላ አንዱ ቢጎድል በሁለት መቀጠል ይችላሉ» አላቸው።

«ይችላሉ» አሉት። «ግን ሦስት የተባለው በምክንያት ነው። አንዱ ያልሰማውን ሌላው ይሰማል። እኔ ሳልሞት ወንበሬ ባዶ አይሆንም።»

ያለፈውን እሺ ማግኑስ ረስቶታል፣ ወይም ያ እሺ ለሙሉጌታ ብቻ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሁሉ እሳቸው ተመደቡ። እግራቸው አበጠ፤ ጫማቸውን ማጥለቅ እየከበዳቸው መጣ። ቅዳሴ መሄድ ቀረ። የመጨረሻ ጊዜ ኦደንፕላን የተገናኘን ዕለት ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆሙ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ብርድ ነበር፣ እጃቸው ግን አልቦታል።

«እትዬ፣ እባክዎ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እባክዎ ለአንድ ሳምንት ይታመሙ። አሞኛል ቢሉ ማን ይጠይቅዎታል?»

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረው» አሉኝ። «ልጨርሰው።»

«ማንም እኮ አያመሰግንዎትም!»

ሳቁ። «ማን ያመስግነኝ? የተፈረደበት ነው የሚያመሰግነኝ?»

በዚያው ሳምንት ነው ስልኩ የጮኸው።

ለዚያች ድምፀ ለስላሳ ሴት መልሼ የደወልኩላት እኔ ነኝ። ስነግራት ስታለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ልትነግረኝ የተገደደች ይመስል፣ ችሎቱ በቀሩት ሁለቱ እንደሚቀጥል ነገረችኝ። ማግኑስ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ልክ ነበርኩ» አላለም፤ ሰው ነው፣ እንባውን ይጠርግ ነበር። ግን ልክ ነበር። ይኸ ነው የሚያቃጥለኝ።

ሌላ የሚያቃጥለኝም አለ። ሳምንት ሳይሞላ ለልዩ ምግብ ክፍል ሁለት ሰው ተቀጠረ። ሁለት! ለአንድ ቀን ችሎት አንድ ተተኪ የሚቀጠርበት በጀት ለዓመታት የጠፋበት ድርጅት፣ እሳቸው ሲሞቱ ለሁለት ሰው ደመወዝ ተገኘለት። ወጣቶቹ ደህና ልጆች ናቸው፣ ምንም አላጠፉም። ግን ጠዋት ሲገቡ ሰላም ለማለት አንደበቴ ይተሳሰራል።

የቀብራቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ሁለት ስዊድናውያን ቆመው አየሁ፤ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሽበታም ሰውና አንዲት ሴት። መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚሰገድ ግራ ገብቷቸው ሌላውን እያዩ ይከተላሉ። የፍርድ ቤቱ ሰዎች ነበሩ። ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው ወይዘሮ ጽጌ ናት፤ ሬሳ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ «ትርንጎዬ፣ አላናገርኩሽም!» እያለች ስትጮህ ሦስት ሰው አነሣት። እኔም አብሬ ማልቀስ ሲገባኝ፣ በሕይወት ሳሉ አንድ ሰላምታ የነፈገቻቸው መሆኗን እያሰብኩ ጥርሴን ነከስኩ። በኋላ ግን እትዬ ትርንጎ «እሷስ ምን አለች?» የሚሉኝ መሰለኝና ሄጄ አቀፍኳት።

ከወር በኋላ ሙሉጌታ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ። አልሄድም ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ማግኑስ ሄዶ «ሐሙስ ፍርድ ቤት ነኝ» ብሎት ተመለሰ። ሼማው ሲወጣ ሐሙስ የዕረፍት ቀኑ ሆኗል። በምትኩ እሑድ ገብቷል። እኔ ልጮህ ስነሣ ሙሉጌታ ክንዴን ያዘኝ። «ተይው» አለ። «መሄድ እፈልጋለሁ።»

እኔም ሐሙስ ዕረፍት ነበረኝና አብሬው ሄድኩ። ከኋላ ከሚያደምጡት ጋር ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነበሩ፤ ተከሳሾቹ፣ ጠበቆቹ፣ ታክሲ ነጂው። ከዋናው ዳኛ ጎን ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዷ ወጣት፣ አንዷ መነጽር ያደረገች። የትኛው ወንበር የእትዬ ትርንጎ እንደነበረ ለማወቅ ስሞክር ቆየሁ። ይህ ፍርድ ቤት የሳቸው ላይሆንም ይችላል፤ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ሙሉጌታ እጁን አንሥቶ ማለ። ያለ አስተርጓሚ፣ ጥርት ባለ ስዊድንኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየውን ተናገረ። ጠበቃው ጨለማ ነበር፣ ሩቅ ነበርክ እያለ ሊያደናግረው ሲሞክር አልተቆጣም። ያላየውን «ይህን አላየሁም» አለ። ታክሲ ነጂው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲያዳምጥ ነበር።

ሲጨርስ ዳኛው አመሰገነውና፣ ለምስክር ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀው። እዚህ በመምጣትህ ከሥራ ቀርተህ ያጣኸው ነገር አለ? ፍርድ ቤቱ የሚተካው?

ሙሉጌታ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዳኛው ያልሰማ መስሎት ቀስ ብሎ ደገመለት።

«የለም» አለ ሙሉጌታ። «የዕረፍት ቀኔ ነው።»

ባቡር ውስጥ ክራቫቱን ፈታ፤ በጣቱ እየጠቀለለ መልሶ ይፈታዋል። ሶለንቱና ልንደርስ ስንል ወደ እኔ ሳይዞር፣

«ምን አጣህ ሲለኝ» አለ፣ «በስዊድንኛ እንዴት እንደሚባል ጠፋብኝ።»